በአንድ ቤት የታየ በሽታ ሁሉ የዘር ነውን?



ልጅ ለመዳር ሽማግሌ በተላከ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዘር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አባቶችና እናቶች ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ዘወር ብለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ፤ «በቤቱ በሽታ አለ ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ለጠያቂው ቀላል ነው። ለተጠያቂው ቤተሰብ፣ በተለይም ለእናትና ለልጃገረድ፣ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የተረዳሁት ግን በቅርቡ ወደ ዋግ ኽምራ ተጉዤ በሰቆጣ ከተማ በአንዲት እናት ቤት ቡና ስጠጣ ነው።

እኒህ እናት ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ «እትዬ» እያልሁ እቀጥላለሁ። የተወለዱት ደላንታ ሲሆን፣ ወደ ሰቆጣ የመጡት መምህር የነበሩትን ባለቤታቸውን ተከትለው ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። የ24 ዓመት ልጃቸው በከተማው በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ከአንድ ደኅና ወጣት ጋር ተዋደው ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ነገሩ ድንገት ቀዘቀዘ። ምክንያቱ ሲጣራ ከወንዱ ወገን አንድ ሰው «የእናትየዋ ዘር ነርቭ የሚያጠፋ በሽታ አለበት» ብሎ ኖሯል።

«ሐሰት ነው እንዳልል» አሉኝ እትዬ ሲኒውን እያቀበሉኝ፤ «እናቴ ሰማንያ ካለፋት በኋላ እኔን ልጅዋን ሳታውቀኝ ነው የሞተች። ታላቅ እኅቴ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ስትራመድም እግሯን ትጎትታለች። ወንድሜ ደግሞ ያውልሽ፣ ልጄ፣ ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ በምርኩዝ ነው የሚሄድ። ሦስት ሰው በአንድ ቤት! ታዲያ ምን ብዬ ልከራከር?»

ወንድማቸው በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሁለቱን ምርኩዞች ግድግዳው ላይ አስደግፈዋል። ሰላም ስላቸው ከመቀመጫቸው ለመነሣት ሞከሩ። ጉልበቶቻቸው እርስ በርሳቸው እየተጋጩ፣ ተረከዛቸው መሬት ሳይነካ፣ በጣታቸው ጫፍ ቆሙ። አነጋገራቸውም ሆነ አእምሯቸው ምንም እንከን የለውም። እንዲያውም ቀልደኛ ናቸው።

ለመሆኑ በአንድ ቤት ውስጥ የሚታይ የነርቭ በሽታ ሁሉ በደም የሚተላለፍ ነውን? በእናት ላይ መርሳት፣ በእኅት ላይ መንቀጥቀጥ፣ በወንድም ላይ የእግር መተሳሰር ቢታይ ሦስቱም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸውን? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

ከአንድ ጂን ሁለት በሽታ

በመጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ፈጽሞ ተሳስተዋል ለማለት እንደማይቻል መግለጽ ይገባል። የነርቭ ሴሎችን ቀስ በቀስ እያመነመኑ የሚገድሉ በሽታዎች በርካታ ናቸው። የመርሳት በሽታዎች ዋነኛ የሆነው አልዛይመር፣ የሚያንቀጠቅጠውና ሰውነትን የሚያደርቀው ፓርኪንሰን፣ እንዲሁም ጡንቻን የሚያዝለው ኤ.ኤል.ኤስ. የሚባለው በሽታ ከነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን የሚያንቀጠቅጠውን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1817፣ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ደግሞ የመርሳቱን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1906 ካስታወቁ ወዲህ ለረጅም ዘመን እያንዳንዱ በሽታ ለብቻው የቆመ ሆኖ ሲታይ ቆይቷል።

በኋላ ግን ሳይንቲስቶች ጂኖችን መመርመር ሲጀምሩ ያልተጠበቀ ዝምድና ተገኘ። ጂን ማለት ከእናትና ከአባት የምንወርሰው፣ እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ሥራውን የሚያከናውንበት መመሪያ ነው። እናት ለልጅዋ የወጥ አሠራር ስታስተምር አንዱን ነገር አዛብታ ብትነግራት ስሕተቱ በልጅቷም ወጥ ላይ መታየቱ እንደማይቀር ሁሉ፣ የተዛባ መመሪያም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በዘጠነኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ፣ «ሲ9ኦርፍ72» የሚባል አንድ ጂን አገኙ። የሚያስገርመው ይህ ጂን የተዛባባቸው ቤተሰቦች ውስጥ አንዱ ሰው እጅና እግሩ እየዛለ በኤ.ኤል.ኤስ. ሲያዝ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ደግሞ ጉልበቱ ሳይነካ ጠባዩና አነጋገሩ የሚለወጥበት ሌላ ዓይነት የመርሳት በሽታ ሊይዘው መቻሉ ነው። አንዳንዱንም ሁለቱ በአንድነት ይይዙታል። ስለዚህ በአንድ ቤት የታዩ ሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች አንድ ሥር ሊኖራቸው እንደሚችል ተረጋገጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ «ጂቢኤ1» የተባለው ጂን ነው። ሥራው በሴል ውስጥ የሚጠራቀመውን ጥራጊ የሚያፈራርሰውን ኢንዛይም ማሠራት ነው። ቤት ሳይጠረግ ሲሰነብት ጥራጊው መተላለፊያ እንደሚያሳጣ ሁሉ፣ ይህ ጂን ሲዛባም በሴሉ ውስጥ ሊወገድ የሚገባው ነገር ይከማቻል። ይኸው አንድ ጂን ለፓርኪንሰንም፣ «ሌዊ ቦዲ» ለሚባለው የመርሳት በሽታም በር ሊከፍት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናትም በናይጄሪያውያንና በሌሎች አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በአውሮፓውያን ላይ የማይታይ የዚህ ጂን ልዩ ዓይነት መኖሩን አሳይቷል። ጥናቱ አፍሪካውያንን በሚመለከት ምርምር ሳይደረግ ስለ እኛ በሌሎች መመዘኛ መፍረድ እንደማይገባም ያስተምራል።

ሦስተኛው ደግሞ «ኤፖኢ» የተባለው ጂን ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ አልዛይመር የመያዝን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ ከታወቀ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይኸው ዓይነት በሌዊ ቦዲ የመርሳት በሽታም ላይ ድርሻ እንዳለው ታውቋል።

ዝንባሌና ፍርድ ይለያያሉ

እዚህ ላይ እናቶች በጥንቃቄ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ጂን ሁሉ አንድ ዓይነት ኃይል የለውም። ሀንቲንግተን የሚባለው በሽታ ከወላጆች አንዱ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ የመተላለፍ ዕድል አለው፤ ጂኑን የወረሰውም ሰው በአብዛኛው በሽታው አይቀርለትም። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው። ከላይ ያነሣናቸው ጂቢኤ1 እና ኤፖኢ ግን ዝንባሌ እንጂ ፍርድ አይደሉም። የጂቢኤ1 መዛባት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ፓርኪንሰን ሳይዛቸው ይኖራሉ። ከአልዛይመር ሕሙማንም ውስጥ በአንድ ጂን መዛባት ብቻ የታመሙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ትልቁ ምክንያት ዕድሜ ነው።

በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2024 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የሊቃውንት ጉባኤ ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነው ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ከነዚህም ውስጥ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የመስማት ችግር፣ በልጅነት ትምህርት ማጣትና ብቸኝነት ይገኛሉ። ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ በስተርጅናዋ አእምሮዋን ለመጠበቅ ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሰባት ቤት ቆጠራም ቢሆን በሳይንስ ዓይን ሲታይ ጥቅም አለው። አንዳንድ የነርቭ በሽታዎች የሚነሡት ልጁ ያንኑ የተዛባ ጂን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። የቅርብ ዘመዶች ሲጋቡ ደግሞ ይህ ዕድል ይጨምራል። ልማዱ የሚከለክለው ግን የአንድን ደም ሁለት ሰዎች ጋብቻ ነው። አያትዋ ያረጀችባትን ልጃገረድ ከጋብቻ አያግድም።

የወንድምየው እግር

አሁን ወደ በረንዳው እንመለስ። ወንድምየው በሽታው የያዛቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ መሆኑን ነገሩኝ።

«ያን ጊዜ ምን ይበሉ ነበር?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ምን ምርጫ አለ፣ እኅቴ? ሌላው እህል ሁሉ ሲከዳን ጓያ ብቻ አልከዳንም። ጧት ቆሎ፣ ማታ ንፍሮ፣ እርሻ ላይ እሸቱን። አንድ ጧት ከእንቅልፌ ስነሣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

ውድ አንባብያን፤ የቤተሰቡ እንቆቅልሽ ግማሹ የተፈታው በዚህ መልስ ነው። ጓያ ድርቅም ውኃ ያዘለ መሬትም የማይበግረው፣ ሰው ሲቸግረው የሚደርስለት ሰብል ነው። ነገር ግን በውስጡ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ጓያ ለሁለትና ለሦስት ወር ያህል ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ይህ መርዝ እግርን የሚያዝዙትን የነርቭ ሴሎች ይጎዳል። በሽታው ከያዘ በኋላ አይድንም፤ ጓያ መብላት ከቆመ ግን እንደ ፓርኪንሰን ወይም እንደ አልዛይመር ከዓመት ዓመት እየባሰ አይሄድም። አእምሮን አይነካም። ወደ ልጅም አይተላለፍም።

በአገራችን ይህን በሽታ ካጠኑት ሊቃውንት መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይገኙበታል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር በሽታው በብዛት እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት አስታውቀዋል። በደምቢያና በፎገራም ከዚያ በፊት ወረርሽኝ ደርሶ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ደግሞ በደላንታና ዳውንት ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች መያዛቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በዚያው ዘ ላንሴት በተባለው መጽሔት ወጥቷል። የእትዬ ወንድም ሥቃይ የጀመረውም በዚያው አገርና በዚያው ዘመን ነው።

ታዲያ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ወንድማማቾች በጓያ ሲያዙ ላየ ሰው በሽታው የዘር ቢመስለው አይፈረድበትም። የተጋሩት ግን ደሙን ሳይሆን ድስቱን ነው። «የሚቀቀለው ጓያ እንፋሎት ነው የሚይዝ ይሉ ነበር፤ ገለባው ላይ መተኛትም ነው ይሉ ነበር» አሉኝ እትዬ። እንፋሎቱም ሆነ ገለባው ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ያለው አማራጭ በማጣትና በብዛት በመብላት ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ግራ መጋባት በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በሰላማዊ ውቅያኖስ በምትገኘው በጉዋም ደሴት የቻሞሮ ሕዝብ ውስጥ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የጡንቻ መዛል፣ መንቀጥቀጥና መርሳት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተደባልቀው ይታዩ ነበር። ብዙ ሐኪሞች የዘር በሽታ ነው ብለው አሰቡ። ነገር ግን የሕዝቡ ኑሮና አመጋገብ ሲለወጥ በሽታው በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እጅግ ቀነሰ። የሕዝብ ጂን በዚህ ፍጥነት አይለወጥም። ሊቃውንቱም ዓይናቸውን ደሴተኞቹ ዱቄቱን ይመገቡት ወደነበረው ሳይካድ ወደሚባለው የዛፍ ፍሬ አዞሩ፤ ክርክሩ እስካሁን ባይዘጋም።

በማእድ ቤት ምን ይደረግ?

እትዬ ከቡናው ጋር ቆሎ አቅርበውልኝ ነበር። እጄን ስዘረጋ ሳቅ ብለው «አይዞሽ፣ የገብስ ነው» አሉኝ። ቀልድ ቢሆንም ቁም ነገር አለው። በደላንታ ወረርሽኝ ላይ የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት ጓያ በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ ሲበላ አደጋው ከፍ ይላል። በቦካ እንጀራና በሽሮ ወጥ መልክ ሲበላ ግን አደጋው በዚያ መጠን አይታይም። ከጥራጥሬ ጋር እንደ ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ ያለ እህል ሲደባለቅበት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ሲገባበት ጉዳቱ ይቀንሳል።

ስለሆነም በገጠር ዘመድ ያላችሁ እኅቶች የሚከተለውን ምክር አድርሱ። ጓያን ለብቻው ዋና ምግብ አታድርጉ። ከመሥራታችሁ በፊት በብዙ ውኃ ዘፍዝፉት፤ የዘፈዘፋችሁበትንም ውኃ ድፉት እንጂ ለሌላ ሥራ አታውሉት። ለልጆችና በተለይም ከሌላው ይልቅ ለሚጠቁት ለጎረምሶች ቆሎውንና ንፍሮውን በኪስ አትቋጥሩ። መርዙ አነስተኛ የሆነ «ዋሴ» የተባለ የጓያ ዝርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው ወጥቷል። ዞሮ ዞሮ ትልቁ መድኃኒት ገበታው የተለያየ ምግብ ያለበት መሆኑ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል በዚችው ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉም ያለ ነገር አይደለም። አካባቢው የረሃብን ጠባሳ ያውቃልና።

«የዘር ነው» ብሎ ከመቀመጥ በፊት

የእትዬ ታላቅ እኅት እስካሁን ሐኪም አላዩም። «የዘራችን ነው፤ ምን ይደረጋል» ተብሎ ተቀምጠዋል። በጓያ ከተያዘው ወንድም ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ፓርኪንሰን ከሆነ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት መንቀጥቀጡንና የሰውነቱን መድረቅ ያቃልላል፤ ለብዙ ዓመታትም ሥራ ያሠራል። መንቀጥቀጡ የእንቅርት ዕጢ መዛባት ያመጣው እንደሆነም ይታከማል። መርሳትም ቢሆን ሁልጊዜ አልዛይመር አይደለም። የቪታሚን ቢ12 ማነስ፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሰውን ያዘነጋሉ። የእግር መተሳሰርም ከጀርባ አጥንት ቲቢ ሊመጣ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበትም ይድናል። ጠበል የሚሄድ ሰው ቢኖር ይሂድ፤ ሕክምናውንም አብሮ ይያዝ።

በአገራችን የነርቭ ሐኪሞች ቁጥር ገና ጥቂት ቢሆንም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዚህ ሙያ ሐኪሞችን እያሠለጠነ ነው። ፓርኪንሰን ያለባቸውን ሰዎች የሚደግፍ ድርጅትም በአዲስ አበባ ተቋቁሟል።

እውነተኛ የዘር በሽታ የሚያጠራጥረው መቼ ነው? በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አያት፣ ወላጅና ልጅ ተከታትለው ሲታመሙ፣ ያውም በጉልምስና ዕድሜያቸው ሲሆን ነው። እንዲያ ያለ ቤተሰብ ካለ ሳይደበቅ የነርቭ ሐኪም ማማከር ይገባል። በሰማንያ ዓመታቸው የዘነጉ አንዲት አያትና በስድሳዎቹ ዕድሜያቸው እጃቸው የተንቀጠቀጠ አንዲት አክስት ግን በብዙዎቻችን ቤት ያሉ ናቸው። ምናልባት ለልጅ ልጆቻቸው ጥቂት ዝንባሌ አውርሰው ይሆናል፤ ምናልባትም ምንም አላወረሱም። ይህን ያህሉ ስጋት በጠያቂዎቹ በሽማግሌዎች ቤትም አይጠፋም።

ልጅቷ ስትሸኘኝ በር ላይ ቆም አለችና «እኅቴ፣ ለእጮኛዬ ልንገረው ወይስ እማማ እንዳለችው ዝም ልበል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ንገሪው» አልኋት፤ «ነገር ግን ሰዎች እንደሚሉት ሳይሆን እንደ ሆነው ንገሪው። አጎትሽን የረሃብ ዘመን ነው የጎዳቸው። አያትሽ በእርጅና ዘነጉ። አክስትሽ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ሦስቱ ሦስት ነገር ናቸው።»

አጎትየው በረንዳው ላይ ሆነው ሰምተውን ኖሮ «ለሽማግሌዎቹ እኔው ራሴ ልንገራቸው» አሉ። «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን ብቻ አይዩ። ጓያውንም ነቅዬዋለሁ፤ ጦሱንም አግኝቼዋለሁ።»

ይህን ጽሑፍ እስካዘጋጀሁበት ጊዜ ድረስ ነገሩ በሽማግሌዎች እጅ ነው። እትዬ ግን ታላቅ እኅታቸውን ይዘው ወደ ሆስፒታል ለመሄድ መወሰናቸውን በስልክ ነግረውኛል።

እናቶች ሆይ፤ ሽማግሌ ወደ ቤታችሁ ሲመጣም ሆነ እናንተ ሽማግሌ ስትልኩ «በቤቱ በሽታ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ «አለ» ከሆነ ቀጥላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ በስንት ዓመታቸው ታመሙ? ምንስ ይበሉ ነበር? በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ምክንያት ከማያስፈልግ ኀዘን የምትድን ልጃገረድ ልትኖር ትችላለች።